ወተቴ ስትመር

አክስቴ ሰው ከመምታቷ በፊት ታስጠነቅቅ ነበር። አንዴ ትናገራለች፣ ሁለቴ ትናገራለች፣ ሦስተኛውን እጇ ይናገርላታል። በምንሠራበት የዛፎች ግቢ ይህን የማያውቅ አትክልተኛም ሆነ ዘበኛ አልነበረም፤ «ሻምበል» የሚል ስም ያወጡላትም እነሱ ናቸው። የጦር ሰፈር ደጃፍ ረግጣ አታውቅም፤ ግን እሷ ስታልፍ ቁጭ ያለ ሠራተኛ ሁሉ ሳያስበው ብድግ ይል ነበር።

እኔ የእህቷ ልጅ ነኝ። እናቴ ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ሥራ ያስገባችኝም እሷ ናት፤ በዚያው ግቢ በር ላይ ትኬት እቆርጣለሁ። አንድ እሁድ ከፍቅረኛው ጋር የመጣ ጎረምሳ ግንድ ላይ በሰንጢ ስም መቅረጽ ጀመረ። «ተው ልጄ» አለችው። ሳቀ። «ተው ብዬሃለሁ» አለችው። ልጅቷን ገልመጥ አድርጎ ይበልጥ ሳቀ። የያዘችውን የብረት ባልዲ አፍንጫው ላይ አሳረፈችበት። ሸሚዙ በደም ተነክሮ ወደ እኔ መጣና «የመግቢያዬን መልሺልኝ» አለኝ። «መግቢያ አንመልስም፤ ባልዲው ግን በነፃ ነው» አልኩት። አለቃችን የአንድ ሳምንት ደመወዝ ቀጣት። እሷ ግን ባልዲው መጎድጎዱ ነበር ያናደዳት።

ባሏ ድንጋይ ፈላጭ ነበር። የድንጋይ ካባ ተንዶበት ሲሞት ልጃቸው ገና ጥርስ አላበቀለም። እሷም ሕፃኑን አዝላ ግቢው ውስጥ መቆፈር ጀመረች። ሲተኛላት ካርቶን ውስጥ አስተኝታ ከወተቴ ጥላ ሥር ታኖረዋለች፤ ሲያለቅስ ዶማዋን ጥላ ትሮጣለች። ያን ልጅ ሌሎቹ ሠራተኞች የወተቴ ልጅ ይሉት ነበር።

ወተቴ ዛፍ ናት። ትክክለኛው ስሟ ረጅም ስለሆነ ሳይደናቀፍ የሚጠራው የግቢው ዶክተር ብቻ ነው። ቅርፊቷ ሲጫር ወተት የመሰለ ነገር ስለሚወጣት ሠራተኛው ወተቴ አላት። እኛ ሳንወለድ ከሞቃት ቆላ ደን በችግኝ ያመጧት ናት። እዚያ የቀሩት ዘመዶቿ እንጨታቸው ውስጡ ጥቁር ስለሆነ ለውድ የቤት ዕቃ ተፈልገው በመጋዝ ሊያልቁ ደርሰዋል፤ በእኛ ግቢ ያለችው እሷ ብቻ ነበረች። በበጋ ወተቷ ማንንም አይጎዳም። የአክስቴ ልጅ ሕፃን ሳለ እያድበለበለ ኳስ ይሠራበት፣ አፍንጫው ላይ እየለጠፈ ያስቀን ነበር። አዎ፣ ያስቀን ነበር፤ ውሸት አልናገርም።

በክረምት ደግሞ እንግዳ ይመጣባታል። አመድማ የእሳት ራት ነው፤ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። ዶክተሩ እንደነገረን ይህ ፍጥረት ክንፍ ካወጣ በኋላ የሚበላበት አፍ የለውም፤ እንቁላሉን ጥሎ ይሞታል። የሚበላው ልጁ ነው። ቢጫ መስመር ያለው ጥቁር አባጨጓሬ ሆኖ ይፈለፈልና ከወተቴ ቅጠል በቀር ምንም አይቀምስም። ሲበዛ ከሥሯ ቆሞ ለሚያዳምጥ ካፊያ የሚጥል ይመስለዋል፤ ቀና ሲል ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ድምፁ የመንጋጋቸው ነው።

አክስቴ መሰላል ላይ ወጥታ በሁለት ጣቷ ትጨፈልቃቸው ነበር። መድኃኒት መርጨት የተከለከለ ስለሆነ ሥራው የእጅ ነው። «ይቺን ለእናትህ፣ ይቺን ለአያትህ» እያለች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ትሄዳለች። ስትወርድ ክንዷ እስከ ክርኗ አረንጓዴ ሆኖ እንደ ሣር ይሸታል። ደስ ብሏት የማያት በዚያን ጊዜ ነበር።

ዶክተሩ ከልጇ እምብዛም የማይበልጥ ቀጭን ሰው ነው። አንድ ቀን ከመሰላሉ ሥር ቆሞ ይለምናት ጀመር።

«ሻምበል፣ ኧረ ሁሉንም አይፍጇቸው።»

«ምነው፣ ዘመዶችህ ናቸው?»

«ይህ ትል ከዚች ዛፍ ሌላ ቤት የለውም። እሷ ካለቀች አብሮ ያልቃል።»

«ታዲያ ምን አጣድፎት ይበላታል?»

«አያውቅማ! ጠላቴ ናት ብሎ አይደለም እኮ። ርቦት ነው። የመጨረሻዋ ትሁን የመጀመሪያዋ እሱ ምን ያውቃል?»

አክስቴ መሰላሉ ላይ ተቀመጠች። «እሷስ? ዝም ብላ ራሷን ታስበላለች?»

«ወተቴ መሮጥ አትችል፣ መማታት አትችል። መጀመሪያ ታበላቸዋለች። ከቅጠሏ ግማሽ ያህሉ ሲሄድ ግን ወተቷ ይለወጣል፤ ይመራል፣ ያቃጥላል። ያን ጊዜ ትሉ አፉ ተቃጥሎ ይረግፋል፤ እሷም እንደገና ታቆጠቁጣለች።»

«ከመጀመሪያው ለምን አትመርም? ይቺ ጅል!»

«መምረር አቅም ይጨርሳል፣ ሻምበል። ዓመቱን ሙሉ መራራ ብትሆን ፍሬ አታፈራም፤ ራሷም ትደርቃለች።»

 አክስቴ በጣቷ ይዛው የነበረውን አባጨጓሬ ቅጠሉ ላይ መልሳ ስታስቀምጠው አየሁ። እንዲህ ስታደርግ አይቼ ስለማላውቅ ያመማት መሰለኝ።

ዶክተሩ የሚናገረው ወሬ ብቻ አልነበረም። በዚያው ክረምት አንድ አትክልተኛ ደረቅ ቅርንጫፍ ሲቆርጥላት የወተቷ ጠብታ የእጁ አንጓ ላይ አርፋ ቆዳውን እንደ ድንች ልጣጭ ላጠችው። ከዚያ ወዲህ አባጨጓሬ በበዛበት ሰሞን ወተቴን የሚነካ ሁሉ ጓንት እንዲያጠልቅና ትልቁን የፕላስቲክ መነፅር እንዲያደርግ ታዘዘ። አክስቴ ጓንቱን ጣት ያደነዝዛል ብላ ጣለችው፤ መነፅሩን ግን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትውል ነበር።

አሁን ወደ ልጁ ልምጣ። አደገ፤ ሰው ሆነ ግን አልልም። በሕፃንነቱ «ጌታዬ» ትለው ስለነበር ጎረቤቱ ለሽሙጥ «ጌታው» አለው፤ እሱ ግን ሽሙጡ አልገባውም፤ ማዕረግ መሰለው። ሥራ ሲገባ ሳምንት አይሞላውም፤ ወይ ይሰርቃል ወይ ይደባደባል። ከዚያ ወደ ቤት ይመጣል። መጀመሪያ ብርድ ልብሱ ተሸጠ፤ ቀጥሎ ምድጃው፤ ቀጥሎ የእኔ ጫማ፤ ቀጥሎ እናቱ የምትተኛበት ፍራሽ። ቤታችን ባዶ ከመሆኑ የተነሳ ስናወራ ድምፃችን ያስተጋባ ጀመር። እምቢ ስትለው ይመታታል፤ በቡጢ፣ በቀበቶ፣ አንዴም በበሩ መቀርቀሪያ። ሲጠጣ ይመታታል። ካልጠጣም ስላልጠጣ ይመታታል።

ያቺ በባልዲ አፍንጫ የምትሰብር ሴት ልጇ ፊት እጇ ይታሰር ነበር። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት ይባል የለ? እሷ ግን እየፈጃት ትልሰው ነበር። ደሟን አጥባ እራቱን ታቀርብለታለች። ይህን ሳይ እሱን ሳይሆን እሷን ማነቅ ያምረኛል።

አንድ ምሽት ከንፈሯን በሞቀ ውሃ እየጠረግኩላት ትዕግሥቴ አለቀ።

«ለሰው ሁሉ እጅሽ ረጅም ነው፤ ለእሱ ሲሆን የት ይገባል?»

«ልጄ ነው።»

«አባጨጓሬውም የእናቱ ልጅ ነው! አውራ ጣትሽን ለእሱስ ለምን አታሳይውም?»

በጥፊ አጮለችኝ። ሁለት ጊዜ እንኳ አላስጠነቀቀችኝም። ጆሮዬ ጭው እንዳለ ወደ ውጭ ወጣሁ። በአጥሩ በኩል ስትሰማን የነበረችው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ «ተይ ልጄ፣ አትጣያት፤ በዚህ ዓይነት የሚቀጥለው ሬሳዋን ነው የምናወጣው» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ እኔ ጧት ስነቃ መጀመሪያ የማደርገው የአክስቴን ትንፋሽ ማዳመጥ ሆነ። ወይ ትነሳበታለች ወይ ይገድላታል፤ ሦስተኛ መንገድ አይታየኝም ነበር።

ዝናብ ሲያካፋ ባደረ አንድ ቀን ማለዳ ጌታው ሳይጠጣ መጣ። አንድ እንጨት ነጋዴ የወተቴን ግንድ ተመኝቷል። ጌታው መጋዝ ተከራይቷል፤ ፒክአፕ ያለው ሾፌርም አግኝቷል፤ የጎደለው የግቢው የኋላ በር ቁልፍ ነው። ቁልፉ ደግሞ በሲባጎ ታስሮ እናቱ አንገት ላይ ነበር።

«ቁልፉን አምጪው።»

«የሥራ ነው፤ አልሰጥም።»

«አምጪው አልኩሽ!»

«ከወተቴ በኋላ ምን ቀረህ የምትሸጠው? እኔን?»

ሲባጎውን ያዘና ወደ ላይ ሳበው። አንገቷ ውስጥ ገብቶ ዓይኗ ፈጠጠ፤ እግሯ ከወለሉ ተነሳ። ወንበር አንስቼ ጀርባው ላይ ሰበርኩት። ዞሮ በእርግጫ ሆዴን ሲለኝ ግድግዳው ሥር ተጠቅልዬ ቀረሁ፤ ትንፋሼ አልመለስ አለኝ። ሲባጎው ተበጠሰና አክስቴ ወደቀች። እሱ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፤ ሲወጣ ግን ተመልሶ ጎኗን በጫማው ደገማት። አጥንት ሲሰበር ድምፅ አለው፤ ሰምቼዋለሁ።

«ያቺን ዛፍ ከአንቺ በላይ አውቃታለሁ» አላት። «ያደግኩት ከሥሯ ነው።»

እሱ ከሄደ በኋላ ተደጋግፈን ተነሳን። «ዘበኛውን እንንገረው» አልኳት።

«ዘበኛው ጠመንጃ አለው። ይገድለዋል።»

«ይግደለዋ!»

ፊቷን ታጠበች፤ የሥራ ካፖርቷን ለበሰች፤ ጎኗን በእጇ ደግፋ ወደ ሥራ ሄደች። ዘበኛውንም ሳትቆም አለፈችው። እኔም በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ትኬት ቆረጥኩ፤ ግን ለአንድ ሰው ሁለት ትኬት እየገነጠልኩ እሰጥ ነበር።

በምሳ ሰዓት ዝናቡ በረታ። ሠራተኛው ሁሉ ምግብ ቤቱ ውስጥ ተጠለለ፤ ዶክተሩም ለስብሰባ ወጥቷል። አክስቴ ለምሳ አለመምጣቷን ሳይ በሩን ዘግቼ ወደ ወተቴ ሮጥኩ። ዛፏ ከግማሽ በላይ ተበልታ ቅርንጫፏ አፅም ሆኖ ቆሟል። አባጨጓሬው መርገፍ ጀምሯል፤ ሣሩ ላይ ወድቆ እየተጠቀለለ ይንፈራፈራል። ወተቷ መርሯል ማለት ነው። አክስቴ ከችግኝ ቤቱ ጥግ ተጠግታ አገኘኋት። ጌታው ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ የሞተር መጋዙን ያዘጋጃል፤ ሾፌሩ ከአጥሩ ውጭ ሞተር አስነስቶ ይጠብቃል።

ዘበኛውን ለመጥራት አፌን ስከፍት አክስቴ በመዳፏ ጥርቅም አድርጋ ያዘችኝ። ወንድ የሚያህል ጉልበት ነበራት፤ ጥርሴ ከንፈሬን በላው። ጌታው የመጋዙን ገመድ ጎተተ፤ አልነሳለት አለ። እንደገና ጎተተ፤ አሁንም እምቢ አለው። ተሳደበ፤ ምራቁን እጁ ላይ ተፋ። ለመናገር ጊዜ ነበራት። ከቆምንበት ቀስ ብላ ብትናገር እንኳ ይሰማታል። እሷ ግን በአንድ እጇ አፌን እንደያዘች በሌላው እጇ አንገቷ ላይ ያለውን መነፅር አንስታ ዓይኗ ላይ አደረገችው።

መጋዙ ተነሳ። ጥርሱ ቅርፊቱ ውስጥ ሲገባ ነጩ ወተት እንደ ቧንቧ ፍንጣቂ ወደ ኋላ ተረጨ፤ በፊቱ ሙሉ ተቀበለው። መጀመሪያ እንደ ውሃ በእጅጌው ጠረግ አደረገውና መጋዙን ገፋ። ከዚያ ጮኸ። ያንን ጩኸት ከሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም። መጋዙን ሲለቀው እየዞረ ወርዶ ቅልጥሙን በላው። ወደቀና ዓይኑን በጥፍሩ ይቧጥጥ ጀመር፤ ግንዱ ሲናወጥ የተረፈው አባጨጓሬ ሁሉ እላዩ ላይ ዘነበበት፤ ሣሩ በደምና በወተት ተለወሰ። ሾፌሩ ጎማውን አስጩሆ በረረ።

አክስቴ ያን ጊዜ ለቀቀችኝ። የሮጠችውን ሩጫ የተሰበረ ጎን ያላት ሴት አትሮጠውም። ከበርሜሉ በባልዲ ውሃ ቀድታ ራሱን በጭኖቿ መሃል ጠፍንጋ ዓይኑ ላይ ታፈስስ ጀመር። እሱ የምትገድለው መስሎት በቡጢ የተሰበረ ጎኗን ይደልቃታል፤ እጇን ነክሶ ሥጋ አወጣ። አልለቀቀችውም። እኔ ውሃ እቀዳለሁ፣ እሷ ታፈስሳለች። ወተቱ የእሷንም መዳፍ ላጠው።

ዘበኛው ጠመንጃውን ደግኖ ሲደርስ ልጇ ላይ ተጋደመችበት። «ከተኮስክ ሁለታችንንም ነው» አለችው። ዘበኛው ያውቃታል፤ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ አልጠበቀም፤ አፈሙዙን ዝቅ አደረገ።

ወተቴ አልሞተችም። ዶክተሩ ቁስሏን ሬንጅ ቀብቶ በሽቦ አጠራት፤ ዝናቡ ሳያባራ ማቆጥቆጥ ጀመረች። የጌታው ዓይን ግን ጠፋ። የሆስፒታሉ ሐኪም ሁለቱንም እያየ ራሱን ነቀነቀና ወደ ሌላ አልጋ አለፈ። እግሩ ተሰፋ፤ ፖሊስ በሩ ላይ ወንበር ተሰጠው።

እኔ አክስቴን አስጠናኋት። «ጌታው ከጠየቀሽ ጩኸት ሰምቼ መጣሁ በይው። ዝም አይነቅዝም። ማን አየሽ? እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ እንኳንም አደረግሽው ባይ ነኝ።» በፋሻ የተጠቀለሉ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ትሰማኛለች፤ እሺም እምቢም አትልም። እንዲህ ስትሆን ነው የምፈራት።

በሦስተኛው ቀን ጌታው ፊቱን ወደ እኛ አዞረ።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ውሃውን እንዴት ቶሎ አመጣሽው? ከየት ደረስሽ?»

ክንዷን ቆነጠጥኳት። እጄን አንስታ መለሰችልኝ።

«እዚያው ነበርኩ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«የመጋዙን ገመድ መጀመሪያ ከጎተትክበት ጀምሮ።»

 አጠገቡ ያለው በሽተኛ ሾርባውን መጠጣት አቆመ።

«ወተቷ እንደሚያቃጥል ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር። የራሴን ዓይን ሸፍኜ ቆሜ ነበር።»

ከአልጋው ተፈናጥሮ ቡጢውን ሰነዘረ። የአልጋውን ብረት አገኘው፤ የጣቱ መጋጠሚያ ተሰንጥቆ አንሶላው ደም ሆነ። ደግሞ ሰነዘረ፤ አየር መታ። «የት ነሽ? የት ነሽ አንቺ!» እያለ እንደገና ሊሰነዝር ሲል አክስቴ ከወንበሯ ተነሳች። የሚደማውን ቡጢ በፋሻ በተጠቀለለ እጇ ያዘችና ጉንጯ ላይ አስቀመጠችው።

«እዚህ ነኝ» አለችው። «ሳትስት ምታ።»

እኔ ፖሊሱን ለመጥራት ወደ በሩ ዞርኩ፤ እሷ ግን በዓይኗ ከለከለችኝ። ቡጢው ጉንጯ ላይ እንደተጣበቀ ቀረ።  ከዚያ እጁ ተፈታና ፊቷን ይዳብስ ጀመር፤ አገጯን፣ አፏን፣ አፍንጫዋን፤ ደሙን እያስነካካ ወደ ላይ ወጣ። ከግራ ዓይኗ ሥር፣ አጥንቷ ተሰብሮ ሳይቃና የጠገገበት ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ጫን አድርጎ ነካው።

«ይሄ ምንድነው?» አላት።

«ያንተ ነው» አለችው። «ወደ ታች ውረድ፤ ሌላም አለ።»